ከሃሩን ጋር የተካፈልኳቸው ልጆች

በሞተ ሰው የሚቀና ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እኔን እዩኝ። ባለፈው ሳምንት እዚህ አሶሳ አንድ ሽማግሌ ቀበርን። ስሙ ሃሩን ነው፤ ግን ስሙን እንዲሁ በደረቁ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም «ባባ ሃሩን» ነበር የሚለው፣ አባታችን እንደማለት። ከመስጊዱ እስከ መቃብሩ መንገዱ በሰው ሞልቶ ባጃጆቹ ሞተራቸውን አጥፍተው ዳር ይዘው ቆመዋል። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቦርጭ ያወጡ፣ አንዳንዶቹም መኪና ያላቸው ትልልቅ ሰዎች ቃሬዛውን ለመሸከም ሲሻሙ አየሁ። አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ። በአሥራ አምስትና በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ሜዳ ላይ ያስሮጥኳቸው የእግር ኳስ ልጆች ናቸው። ማልቀስ ሲገባኝ በልቤ የመጣው ግን «እኔ ስሞትስ እንዲህ ይሻሙብኝ ይሆን?» የሚል ነበር። ጡረታ የወጣ የስፖርት አስተማሪ፣ የልጅ ልጅ ያየ ሰው፣ ቃሬዛ ላይ በተኛ ሰው ይቀናል? ይቀናል። ቅናት ጡረታ አይወጣም።

እዚህ አገር የመጣሁት ክልሉ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት፤ የቢሮዎቹ ታፔላ «ክልል ስድስት» ተብሎ ተጽፎ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ነው ብል ይበቃል። ከአዲስ አበባ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ነበር፤ ነቀምት ይታደርና በማግስቱ ከመንዲ ወዲህ ያለው አቧራ ሰውን ሁሉ አንድ መልክ ያደርገዋል። እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ ሹራቤን እንደለበስኩ መናኸሪያው ላይ ስወርድ ሙቀቱ በጥፊ መታኝ። በወር አሥራ አምስት ብር፣ ግድግዳው ቀርከሃ ሆኖ ጭቃ የተመረገ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ማንጎ በሃያ አምስት ሳንቲም ሳፋ ሙሉ ይሰጧችኋል፤ ዛሬ አንዷን ፍሬ ስገዛ ያ ሳፋ ትዝ እያለኝ ከሻጯ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ ማዕዘን ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበረ። ባለቤቱ የሱዳን ዘፈን ቀኑን ሙሉ ያሰማል፤ ባትሪ እንዳያልቅበት ካሴቱን በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ይመልሰዋል። ቃሉ ባይገባኝም ዜማው ሆዴን ያባባው ነበር። የእኔ ልብስ ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ ቱታ ነው፤ እሱን ለብሼ፣ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጌ፣ ፊሽካና የሩጫ ሰዓት በአንገቴ አንጠልጥዬ በዚያ ማዕዘን ሳልፍ ከተማው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ያኔ በከተማው የሩጫ ሰዓት የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምለው ለጉራ ነው።

የስፖርት ቢሮው ክልሉን ወክሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌሎች ክልሎች ጋር የሚወዳደር የታዳጊዎች ቡድን እንዳዘጋጅ ሾመኝ። ሀያ ስድስት ልጆች ተሰበሰቡ። የበርታ ልጆች አሉ፣ ከባምባሲ በኩል የመጡ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች አሉ፣ ወላጆቻቸው ከወሎ መጥተው የሰፈሩ አሉ፣ አንድ ሁለት የሽናሻ ልጆችም ነበሩ። ከእነዚህ አሥራ ስምንቱ ብቻ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ግን በደብዳቤዬ ግርጌ አንዲት ዐረፍተ ነገር ተጨምራ ነበር፦ «ረዳት አሰልጣኝ አቶ ሃሩን»። ማን ነው ብዬ ስጠይቅ የወባ መድኃኒት ረጪ ነው አሉኝ። መርጫውን በጀርባው አዝሎ ከመንደር መንደር በእግሩ ሲዞር የኖረ፣ አርባውን ያለፈ፣ ቀጭን የበርታ ሰው። በወጣትነቱ ሱዳን ድንበር ላይ ኩርሙክ ገበያ ሲነግድ ኳስ ተጫውቷል ይባላል። ትምህርት ቤት ደጃፍ እንኳ አልረገጠም። እኔ ዲፕሎማዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ያስቀመጥኩ ሰው ነኝ። ቀን ተካፈልን፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት የእኔ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የእሱ። ልጆቹንም የተካፈልኩ መስሎኝ ነበር።

የእኔ ሥልጠና በወረቀት የሄደ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የልብ ትርታቸውን ቆጥረው እንዲመዘግቡ ለእያንዳንዳቸው ትንሽ ደብተር ሰጠሁ። ግድግዳ ላይ በጠመኔ መስመር አስምሬ ምን ያህል ከፍ ብለው እንደሚዘሉ እለካለሁ። አጭር ፈጣን ሩጫ፣ እረፍት፣ እንደገና ሩጫ። በየወሩ መጨረሻ ደግሞ ትልቁ ፈተና ይመጣል፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሜዳውን ዞረው ስንት ዙር እንደሚጨርሱ እቆጥራለሁ። በዚያ ዕድሜ ልጅና ልጅ እኩል አይደለም፤ አንዱ ጢም አውጥቶ እንደ በሬ ይገፋል፣ እኩያው ገና ድምፁ አልጎረነነም። እኔ ይህን አውቅ ስለነበር ከሌላው ጋር ሳይሆን ካለፈው ወር ከራሳቸው ጋር አወዳድራቸው ነበር። ጥሩ አሰልጣኝ ነበርኩ። ዛሬም ማንም ቢመጣ ይህን አልክድም።

የሃሩን ቀን ግን ጉድ ነበር። ቀርከሃ ሰንጥቆ መሬት ላይ እንደ መሰላል ይዘረጋና ልጆቹን በየክፍተቱ ፈጠን ፈጠን እያደረገ ያስረግጣቸዋል። ዳገት ያስወጣቸዋል፤ ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ በባዶ እግር ያጫውታቸዋል። አንድ ሐሙስ ምን ይሠራል ብዬ ተደብቄ ሄጄ አየሁ። ዙምባራ የሚባለውን የበርታዎችን ረጅም የንፋስ መሣሪያ ለልጆቹ አድሏቸዋል። እያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ተራው ሲደርስ ካልነፋው ዜማው ይጎድላል። ልጆቹ እየነፉ ሶምሶማ በክብ ይዞራሉ፤ የወሎዎቹም የባምባሲዎቹም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንድም ልጅ አልቆመም። እኔ ያንን ያህል ሳስሮጣቸው «ቲቸር፣ ደከመኝ» የሚሉት ራሳቸው ናቸው። ሲጨርሱ ሚስቱ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ይዛ መጣች፤ ከበው በሉ፤ እየተጎራረሱ፣ «ባባ» እያሉ። እኔ ከአንድ ማንጎ ዛፍ ኋላ ቆሜ ጉርሻቸውን እቆጥር ነበር። በማግስቱ ዓርብ ከደሞዜ ሁለት ካርቶን ብስኩት ገዝቼ አደልኳቸው። አመሰገኑኝ፣ በሉ፣ ሄዱ።

የባሰው ደግሞ የወሩ ፈተና ሲደርስ ነው። ውጤታቸው ተሻሽሏል፤ ግን ማን ነው የጨመረ ብዬ ሳጣራ የሃሩንን ቀን አንድም ያላጓደሉት ሆነው ተገኙ። የገዛ ሰዓቴ ለእሱ መሰከረለት። ሦስት ቀን ሙሉ ደብተሩን እያገላበጥኩ ስሌቴ ውስጥ ስሕተት ፈለግሁ። አሁን በቅርቡ በስታዲየሙ በኩል ሳልፍ የዛሬ ልጆች ቀይና ቢጫ ፕላስቲክ መሰላል ተዘርግቶላቸው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሲረግጡ አየሁ። አሰልጣኙ ወጣት ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ። «ይህ ዘመናዊ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። የሃሩን ቀርከሃ እኮ ነው! አልነገርኩትም። ለምን ብዬ እነግረዋለሁ? ፕላስቲክ ሆኖ መጥቶም እሱን ላስመስግነው?

አንድ ልጅ ግን ነበረኝ። ተማም ይባላል፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች፣ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ። ከሰፈራው መንደር ከተማ ለመድረስ ሁለት ሰዓት በእግሩ ይመጣል። ማክሰኞና ሐሙስ ከአባቱ ጋር እርሻ ስለሚውል፣ ቅዳሜም ለገበያ ስለሚላክ የሃሩንን ሥልጠና አያገኝም፤ የእኔን ብቻ ነው። ሲጀምር በአሥራ ሁለት ደቂቃ አምስት ዙር አይሞላም ነበር፤ በአራተኛው ወር ስምንት ሊደፍን ትንሽ ቀረው። ከሀያ ስድስቱ የእሱን ያህል ያደገ የለም። ገባችሁ? ተማም የእኔ ማስረጃ ነበር። ሁሉም ልጅ የሃሩን ቢሆን ይህኛው የእኔ ነው፤ በደብተር ተጽፎ፣ በሰዓት ተለክቶ። የመጨረሻው ምርጫ ሰኞ ቀን ሲሆን የቢሮው ኃላፊዎች ወንበር አስወጥተው እንዲያዩ የጋበዝኳቸውም ለዚህ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሁሉ ያቆረበት ሰሞን ነው። የዚያን ሰኞ ጠዋት ሜዳው ላይ ስደርስ ሃሩን በነጭ ጀለቢያው ቆሞ ይጠብቀኛል። ቀኑ የእሱ አልነበረም። ልጆቹ ወዲያ ማዶ እያሟሟቁ ነው፤ የምንባባለውን የሚሰማ አልነበረም።

«መምህር፣ ተማም ዛሬ ሩጫ የለም» አለኝ።

«ለምን?»

«ቅዳሜ ገበያ አየሁት። ዓይኑ ልክ አይደለም፣ ከንፈሩ ደርቋል። ወባ ነው። ወላሂ ወባ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ይሄን ነው የማየው።»

ወደ ተማም ዞሬ አየሁ። ከሌሎቹ ጋር እየተንጠራራ ነው። ትንሽ የከሳ መሰለኝ፤ ግን የከሳው ስለሮጠ ነው አልኩ። ዛሬ ባይሮጥ ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ስሙ ከወጣ ደግሞ በእጄ ምን ቀረ?

«አቶ ሃሩን፣ ዛሬ ሰኞ ነው። ሰኞ የእኔ ቀን ነው» አልኩት።

«ቀን ያንተ ነው፣ አለቃ ያንተ ነው። ልጁ ግን ይታመማል።»

«ዓርብ ቆጥሮ ያመጣልኝ የልብ ትርታ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ከጉጉት ነው። እርስዎ መድኃኒትዎን ይርጩ፣ ሥልጠናውን ለእኔ ይተዉልኝ።»

እንዲህ ብዬዋለሁ፤ በእነዚህ ቃላት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ያን ጠዋት ሞኝም ነበርኩ፣ ወረቀትም ይዤ ነበር። ትርታው ከፍ ማለቱን በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ እኮ! ለሌላ ልጅ ቢሆን አስቀረው ነበር። ሃሩን ወደ ሥራውም አልሄደም፤ ጀለቢያውን ሰብሰብ አድርጎ ከጎሉ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔን ሊያሳጣ የተቀመጠ መሰለኝና የበለጠ ተናደድኩ።

ፊሽካውን ነፋሁ። ተማም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ከፊት ሆኖ ነበር የሮጠው፤ የቢሮው ሰዎች «ያ ቀጭኑ የማን ነው?» ሲሉ ሰምቼ ደረቴን ነፋሁ። በአምስተኛው ዙር ወደ ኋላ ቀረ። በስድስተኛው እግሩ መሬት ይጎትት ጀመር። «በርታ ተማም!» ብዬ ጮህኩ። እጁን አነሳልኝ፤ እሺ እንደማለት። ከዚያ ጎሉ ጋ ሲደርስ በግንባሩ ተደፋ። እኔ ገና ምን እንደሆነ ሳላስተውል ሃሩን ከተቀመጠበት ተነስቶ፣ አንስቶ ጀርባው ላይ አድርጎት በጤና ጣቢያው አቅጣጫ ይሮጥ ነበር። አርባውን ያለፈ ሰው፣ በሸበጥ ጫማ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አዝሎ። መኪና እስኪፈለግ አልጠበቀም። ልጆቹ ሊቆሙ ሲሉ «ቀጥሉ!» አልኳቸው። አራት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። አስጨረስኳቸው፤ ዙራቸውን ጻፍኩ፤ ዝርዝሩን ለኃላፊዎቹ አስረከብኩ። የማንም ሳይሆን የእኔ እጅ ነው ይህን የሠራው።

ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ነበር። ሁለት ቀን ሰው አያውቅም። ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ አይተርፍም ነበር ብለው ነገሩኝ። በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ይዤ ስገባ ተማም ዓይኑን ገልጧል፤ ግሉኮስ እጁ ላይ ተሰክቷል። ሃሩን ከአልጋው ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። ቀድሞ የተናገረው ልጁ ነው።

«ቲቸር፣ ሁሉን ሰማሁ። እርስዎ አይሩጥ ብለው ኖሯል። ወባ አይደለም፣ ይሮጥ ብሎ ያሳመነዎት ባባ ሃሩን ነው፤ ራሱ ነው የነገረኝ» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። «ውድድሩ አመለጠኝ አይደል?»

ሃሩንን አየሁት። ቀና አላለም። የላጠውን ብርቱካን ለተማም ዘረጋለት፤ ተማም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ያመጣሁትን ግን ተቀበለኝ። እኔም «ዋናው ጤናህ ነው» አልኩት። እንዲህ ብቻ ነው ያልኩት። ውሸት አልተናገርኩም፤ እውነቱንም አልተናገርኩም። ደስ አለኝ ብላችሁ ምን ትሉኛላችሁ? አዎን፣ እዚያ በሽተኛ ራስጌ ቆሜ፣ ሃሩን የተዘረጋ እጁን ሲመልስ ሳይ ደስ አለኝ። ለአንድ ጊዜ እንኳ አንድ ልጅ ከሁለታችን እኔን መረጠ።

ከክፍሉ ስንወጣ ግን በሩ ላይ አስቆምኩት። «ምነው እንዲህ አሉት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አንተ አዲስ አበባ ይዘሃቸው ትሄዳለህ» አለኝ። «እሱ ካወቀ ሁሉም ያውቃል። ልጅ አለቃውን ካላመነ፣ ሩጥ ሲለው አይሮጥም፣ ቁም ሲለው አይቆምም። እኔ ግን ሽማግሌ ነኝ። እኔን ቢጠላ ምን ይሆናል? ኻላስ፣ በቃ።» ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ መርጫውን ሊያመጣ ሄደ። ያን ያህል ቀላል ነገር ነበር ለእሱ። እኔ ብሆን በሕልሜም አላደርገው።

አሥራ ስምንቱን ይዤ ሄድኩ፤ ተማም ቀረ። አላሸነፍንም፤ ግን በሁለተኛው አጋማሽ ሌሎቹ ሲያለከልኩ የእኛ ልጆች ገና እንደጀመረ ሰው ነበር የሚሮጡት። የክልሉ ጋዜጣ ቢኖር ስሜ ይወጣ ነበር እያልኩ ለራሴ እተርት ነበር። ተማም ድኖ ሲመለስ ትንፋሹ እንደ ድሮው ሊሆንለት አልቻለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዕድሜው አለፈ። እንደገና ለክልል አልተመረጠም። በእኔ ምክር የስፖርት መምህር ሆነ፤ አሁን ሸርቆሌ የስደተኞቹ መጠለያ አካባቢ ያስተምራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ይደውልልኛል፤ ለፋሲካዬም፣ ለእንቁጣጣሽም። «አባቴ» ነው የሚለኝ። ስልኩን ስዘጋ ለሚስቴ «ልጄ ነው» እላታለሁ፤ እሷም ታሪኩን ስለማታውቅ «ታድለህ» ትለኛለች። ሃሩንን ሲያገኘው ግን ሰላም ብሎት ያልፍ ነበር፤ ከዚያ በላይ የለም። በሚኒባስ አሶሳ ሲመጣ እኔ ቤት ይገባል፣ ሃሩን ቤት አይገባም ነበር። ሃሩን ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ጤናዬን ይጠይቃል፣ ልጆቼን ይጠይቃል፣ «ተማም ደህና ነው?» ይለኝ ነበር። ከእኔ ነበር ወሬውን የሚሰማው። አንድ ቀን እንኳ ያንን ሰኞ ቢያነሳብኝ፣ ቢወቅሰኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ እኩል እንሆን ነበር። ጭራሽ አላነሳውም። ሳንነጋገርበት ሞተ።

ወደ ቀብሩ ልመልሳችሁ። ሙስሊሞቹ ዘንድ ሬሳው ከመቀበሩ በፊት ሟቹ የበደለው ካለ አውፍ ይበለው፣ ይቅር ይበለው ተብሎ ይለመናል። ያን ዕለትም የሃሩን ትልቁ ልጅ ቆሞ «አባታችን ላይ ሐቅ ያለው፣ ቂም የያዘበት ሰው ካለ ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉት» አለ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አውፍ ብለናል» ሲል ከኋላዬ አንድ የማውቀው ድምፅ ከሁሉም ዘግይቶ፣ ከሁሉም ጠንክሮ ሰማሁ። ተማም ነበር። ከቀብሩ ወደ ለቅሶ ቤት መጣንና ዳሱ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን፤ እሱ ከጎኔ። ቀይ የከርከዴ ሻይ በብርጭቆ አመጡልን። ከፊታችን የሟቹ ልጆችና ወንድሞች ተደርድረዋል። ተማም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አባቴ፣ ዛሬ አውፍ አልኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ነበረች፤ ያቺ ውድድር። እርስዎ አይሩጥ እያሉት እሱ ባያስሮጠኝ ኖሮ እያልኩ። ወላሂ ስንቴ ልተዋት ፈልጌ አልወጣ አለችኝ። ዛሬ ልጁ ሲለምን ከልቤ ይቅር አልኩት። ቀለለኝ።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ማን ያውቃል? የሚያውቀውን ሰው አሁን ቀብረነው መጣን። ሠላሳ ዓመት የኖርኩበትን ውሸት የቀረችኝን ጥቂት ዓመት ብጨምርበት ማንም አይጠይቀኝም። በአፌ የመጣው «ደግ አደረግህ ልጄ» የሚል ነበር፤ ልለው ከንፈሬን ከፍቼ ነበር። ግን ያ ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ይቅር ተብሎ ወደ ጉድጓድ መውረዱ አልዋጥ አለኝ። ለእሱ አዝኜ ብቻ አይደለም፤ እውነቱን ልናገር፤ ይቅርታው እንኳ ለእሱ መሰጠቱ፣ የእኔን ይቅርታ ይዞብኝ መሄዱ ነው ያቃጠለኝ።

«ተማም» አልኩት፣ «ይሮጥ ያልኩት እኔ ነኝ። አይሩጥ ያለኝ ሃሩን ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ አይቶህ ወባ ነው ብሎ ሊለምነኝ መጣ። እምቢ አልኩት። አንተን ይዞ ሲሮጥ እኔ የሌሎቹን ዙር እቆጥር ነበር። እሱ የነገረህ እኔን እንዳትጠላኝ ብሎ ነው።»

ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ። ሰዎች ዱዓ እያደረጉ ነበርና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ? ሠላሳ ዓመት?»

«ሁሉም የእሱ ነበሩ» አልኩት። «አንዱ እንኳ የእኔ እንዲሆን ብዬ ነው።»

ተማም ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሰደበኝም። ብርጭቆውን ሳይጠጣው ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ተነሳና በተቀመጡት ሰዎች መሃል አልፎ ወደ ፊት ሄደ። የሟቹ ልጆች ወዲያና ወዲህ ጠጋ ጠጋ አሉለት። በመሃላቸው ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደነሱ አለቀሰ። ከትልቁ ልጅ ጀምሮ አንድ በአንድ እጁን እየያዙ አጽናኑት። እኔ ከባዶ ቦታው አጠገብ ቁጭ ብዬ አየሁት። ቀናሁ።